የጋሽ ያርጋል ዱላ ሲንጋፖር ቀርቷል

የጋሽ ያርጋል አንድ ቀን ስንት ያስወጣቸዋል? አንድ ቀን ቁጭ ብለን አስበነው ነበር። ጠዋት መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ በእግራቸው ይወርዳሉ፤ እሱ ነጻ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ መናኸሪያው አጠገብ የሚጠብቁት የእህል መጋዘን በር ላይ እንደተቀመጡ፣ ሻይ በዳቦ ሠላሳ ብር። ማታ ጉልበታቸው ዳገቱን እምቢ ስለሚላቸው ለባጃጅ ሃያ ብር። ክረምት ከሆነ ደግሞ አንድ የበሰበሰ ጋቢ ይጨመራል።

ባለቤታቸውን እማማ ወለተ ማርያምን የሚያናድዳቸው ይሄ የመጨረሻው ወጪ ነው። ምክንያቱም ከአልጋው ራስጌ፣ ሁለት ሰው የሚያስጠልል ትልቅ ቀይ ጃንጥላ ተሰቅሏል።

«ጃንጥላ ቤቱ ሰቅሎ የሚበሰብስ ሰው በደባርቅ አንተ ብቻ ነህ!» ይሏቸዋል ጋቢውን እየጨመቁ።

«የኔ አይደለማ!»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የሴትዮዋ ነዋ።»

«አቤት! የሴትዮዋ ይለኛል ደግሞ፣ በሰማንያ ሚስቱ ፊት!»

እኔ ግቢያቸው ውስጥ ተከራይቼ የምኖር ነኝ። ባለፈው ሐምሌ ልጄን ኑራን ለክትባት ጤና ጣቢያ ልወስዳት ስል ዝናቡ መጣና «ጋሽ ያርጋል፣ ጃንጥላውን ያውሱኝ» አልኳቸው። ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝ። «ይሄን ውሰጂ ልጄ። እሱን ግን አልችልም» አሉኝ። ተቀይሜ ሄድኩ፤ እውነቱን ልናገር። ስመለስ ግን በሸሚዝ ብቻ ሆነው ከምድጃው ዳር ሲንቀጠቀጡ አገኘኋቸውና ሳቄ መጣ። ያን ቀን ነው ታሪኩን ከሥሩ የነገሩኝ።

ጋሽ ያርጋል የስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ገደማ ስካውት ነበሩ። መሣሪያ ይዘው ከእንግዶቹ ኋላ የሚሄዱት፣ ከሁሉም መጨረሻ የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ከዓመታት በፊት ማሪት የምትባል የሆላንድ አገር ሴት አምባራስ አጠገብ እግሯ ወለም አላት። በበቅሎ አስቀምጠው ከጎኗ ሳይለዩ እስከ ቡይት ራስ አመጧት። እሷም አልረሳችም። ሰባ ስምንት ዓመት ሲሞላት ልጆቿ በመርከብ እንድትዞር ቲኬት ሊገዙላት ሲሉ «ከኋላዬ የሚሄደው ሰውዬ ካልመጣ አልሄድም» አለቻቸው። ልጆቿም ለጋሽ ያርጋል ደውለው «እናታችንን አደራ» አሉ። እንዲህ ሆነና የስሜኑ ሰውዬ ከዱባይ መርከብ ተሳፈሩ።

ስለ መርከቡ ብዙ አይናገሩም። «ደረጃ የበዛበት ሆቴል ነው» ብለው ይዘጉታል።

ሲንጋፖር የደረሱት በታኅሣሥ፣ በጾመ ነቢያት ነው። መርከቡ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል፣ የዘገየም ይቀራል ተባለ። ሌላው መንገደኛ በአውቶቡስ ሲጫን ማሪት «እኛ እንደ ስሜን ቀስ ብለን እንሄዳለን» አለች። ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡር ያዙ። ካርድ ሲያስነኩት በሩ ወለል ይላል። ጋሽ ያርጋል ግን በየመታጠፊያው ቆም እያሉ ወደ ኋላ ይመለከታሉ።

«ምን ጠፋብህ?» ትላቸዋለች።

«ምንም። መንገድ ሲመለሱበት ሌላ ነው። አሁን ፊቱን ካላየሁት ማታ አላውቀውም።»

ምግብ የሚሸጥበት ትልቅ ገበያ ገቡ። ማሪት ስትበላ እሳቸው «ሥጋ ኖ፣ ወተት ኖ፣ እንቁላል ኖ» እያሉ በጣታቸው ለአንዲት ባለ ሽርጥ ባልቴት ቆጠሩላት። ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀችና ድስቶቿን አንድ በአንድ ከፈተችላቸው። ሁሉም አትክልት ነው! በእሷ ሃይማኖት እሷም ሥጋ አትበላም። «ገዳም የገባሁ መሰለኝ» ይላሉ ጋሽ ያርጋል። ሦስት ጊዜ አስጨመሩ።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ። «የኛው ሐምሌ እንኳ ደመና አሳይቶ ነው የሚመጣ፤ ያ ግን እንደ በርሜል ተደፋ» ይላሉ። ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ አያልቅም። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ማሪት ክንዳቸው ላይ ተንጠልጥላለች፣ ሰዓቱም ይሄዳል። ባልቴቷ ይሄን አይታ ከጠረጴዛዋ ሥር ቀይ ጃንጥላ አውጥታ ሰጠቻቸው።

«መርከብ አድርሻት እመለሳለሁ» አሉ በእንግሊዝኛቸው።

«ኦኬ፣ ኦኬ» አለች ባልቴቷ።

እሳቸውም የወይራ ዱላቸውን መያዣ ብለው ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት። ሴትዮዋ መለሰችላቸው፤ እሳቸው ደግመው አኖሩት። በመጨረሻ በሁለት እጇ ተቀብላ ከድስቶቿ ጀርባ አቆመችው።

ጠዋት ወደ ኋላ ያዩት መንገድ ሁሉ አሁን ፊት ለፊት መጣላቸው። ሰዓት ጠጋኙ፣ ሰማያዊው በር፣ የሚንቀሳቀሰው ደረጃ። አንድም አልሳቱ። የመርከቡ በር ላይ ሲደርሱ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። ማሪትን አስገብተው ሊመለሱ ዞር ሲሉ ዘበኛው ከለከላቸው። ከወጡ መርከቡ ጥሏቸው ይሄዳል።

ማሪት እጅጌያቸውን ያዘች። «ያርጋል፣ ጃንጥላ እኮ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው።»

«ዋጋውን መች ጠየቅሁሽ? እመለሳለሁ ብያታለሁ!»

ግን አሮጊቷን ብቻዋን ባሕር ላይ ሊሰዱ ነው? ለልጆቿም ቃል አለባቸው። ጃንጥላውን ታቅፈው ገቡ። ያን ማታ እራት አልበሉም።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። ማሪት በየፋሲካው ትደውልና «ጃንጥላው እንዴት ነው?» ትላለች። በፖስታ እንላከው ብዬ ነበር፤ ማሪት የባቡር ጣቢያውን ስም ነገረችን፣ የባልቴቷን ስምና የሱቋን ቁጥር ግን ማንም አልያዘም። ስልኬ ላይ ብፈልግ ገበያው እልፍ ድስት አለው። መንገዱ ያለው በጋሽ ያርጋል ጭንቅላት ብቻ ነው።

«አንቺ አሥራ ሁለተኛን የጨረስሽ አይደለሽም? እንግዲያው ጻፊ» አሉኝ ባለፈው እሑድ። እማማ ወለተ ማርያም ከጓዳ «ያቺ ሴትዮ ዱላህን ማግዳዋለች!» ብለው ጮኹ። ጋሽ ያርጋል አልሰሙም፣ ወይም ያልሰሙ መስለው እንዲህ አሉ፦

«ወደዚያ አገር ለንግድም ለትምህርትም የምትሄዱ፣ ደባርቅ መናኸሪያ ወርዳችሁ ስካውቱን ያርጋልን ብትሉ ሰው ያሳያችኋል። ጃንጥላውን ውሰዱልኝ። እዚያ ስትደርሱ ቻይናታውን በሚሉት ጣቢያ ውረዱ። በሚንቀሳቀሰው ደረጃ ወጥታችሁ ወደ ቀኝ፣ ሰማያዊውን በር አልፋችሁ ሰዓት ጠጋኙ ጋ ስትደርሱ ወደ ግራ። ገበያው ውስጥ ሥጋ የሌለበት ድስት ፈልጉ። መንገድ ላይ ከዘነበባችሁ ክፈቱት፤ ወደ እሷ እየሄደ ስለሆነ አልቀየምም። ዱላውን ብትሰጣችሁ አትቀበሉ፣ እሷም አርጅታለች፣ ትደገፍበት። ያ ከኋላ የሚሄደው ሰውዬ ዘግይቶ ነው እንጂ አልቀረም በሉልኝ።»