የኦቦ ዋቅጅራ እጅ አልሞተም ነበር

ይህን ነገር ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ግን አንድ ጊዜ ልናገር ሞክሬ ነበር። ሲሬ ድረስ ተሳፍሬ ሄጄ፣ ተንበርክኬ፣ «አባ፣ አንድ ሽማግሌ አታለልኩ። የማይረባ መሪ ሸጥኩላቸው» አልኳቸው። «የመኪና መሪ?» አሉኝ። «የጌም ነው አባ።» «መኪናውስ የት አለ?» «ቴሌቪዥን ውስጥ።» እንቅልፍ በደንብ እንድተኛ መክረው፣ መስቀል አሳልመው ሸኙኝ። ኃጢአቴ ሰሚ አጥቶ በመጣበት አውቶቡስ ተመለሰ። እንግዲህ አንባቢ፣ ዛሬ አንተ አናዝዘኝ።

ነቀምቴ መናኸሪያው አጠገብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለኝ። ቻርጀር፣ ሪሞት፣ ማከፋፈያ፣ ስፒከር እሸጣለሁ። አባቴ ከጎጃም የመጣ እህል ነጋዴ ነበር፤ ከእሱ የወረስኩት ሁለት ነገር ነው፤ ምላስና ቋጠሮ። ምላሱ ዕቃውን ይሸጣል፣ ቋጠሮው የተሸጠውን ያስራል። ክሩን አውራ ጣቴ ላይ ሁለቴ ጠምጥሜ፣ ጫፉን ከሥር አሹልኬ ከሳብኩት በኋላ ያለ መቀስ የሚፈታው ሰው አላየሁም። ቋጠሮዋን ልብ በል። እኔ ልብ ሳልላት ነው የተዋረድኩት።

ካቻምና ከአዲስ አበባ ሁለት የጌም መሪ አመጣሁ። መልካቸው እንደ መንታ ነው፤ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ቆዳ መሳይ የለበሱ፣ ሁለቱም ፔዳል ያላቸው። ሆዳቸው ግን ለየቅል። የአንደኛው ሆድ ውስጥ ሞተር አለ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መኪና ጉድጓድ ሲገባ መሪው እጅህ ላይ ይዘላል፤ ኩርባ ላይ ይከብድሃል፤ ጭቃ ሲያንሸራትትህ ድንገት ይቀልልሃል፤ ከግንብ ጋር ስትላተም አውራ ጣትህን ካልሰበሰብክ ያጥፍልሃል። ፎርስ ፊድባክ ይሉታል፤ እኔ «መልስ የሚሰጥ መሪ» እለዋለሁ። የሁለተኛው ሆድ ውስጥ ያለው ላስቲክ ነው። ብታዞረው ይመለሳል፤ ወንጭፍስ አይመለስም? ሲላተም ኪስ ውስጥ እንዳለ ስልክ ዝዝ ይላል፤ በቃ፣ ሌላ ወሬ የለውም።

መለየቱ ትምህርት አይጠይቅም። መብራት ላይ የሚሰካ የራሱ ገመድ የሌለው መሪ ያን ያህል የሚታገልህ ሞተር አይኖረውም። ደግሞ መብራት ሲጠፋ፣ እኛ ጋ መቼም ይህ ሰዓት አይታጣም፣ አዙረህ ልቀቀው። ሞተር ያለው ባለበት ይቀራል፤ ላስቲኩ ግን መብራት ኖረም አልኖረም ወደ መሃል ይሮጣል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለማንም ደንበኛ ተንፍሼ አላውቅም። ያሰብኩት ሌላ ነው። ሞተር ያለውን ጠረጴዛ ላይ አጥብቄ «ሞክሩት» እላለሁ፤ ሞክሮ ለወደደው ላስቲኩን በካርቶን አድርጌ አስርለታለሁ፤ ጥሩው ከተሸጠ ኋላ በምን አስሞክራለሁ? ይህን የወጠንኩት ገዢው ከመምጣቱ በፊት ነው። ተሳሳትኩ ልልህ አልችልም። አስቤ፣ አቅጄ፣ ሻይ እየጠጣሁ ነው ያደረግኩት።

የመጣው ገዢ ኦቦ ዋቅጅራ ሆኑ።

ኦቦ ዋቅጅራ ዕድሜያቸውን ከነቀምቴ ጊምቢ፣ ከነቀምቴ ባኮ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። ሩቅ ማየት ሲሳናቸው መንጃ ፈቃዳቸው ሳይታደስ ቀረና ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ቤታቸው ተቀመጡ። ተቀመጡ ይባል እንጂ መንዳቱን አልተዉም። የእጅ መታጠቢያውን ሳህን ይዘው ወደ ግራ ይታጠፋሉ። በርጩማ ላይ ሆነው በቀኝ እግራቸው ፍሬን ይረግጣሉ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ገበያ ጎመን እየሸጠች «ሰፌዴን ነጥቆኝ ጊምቢ ደርሶ ይመለሳል፤ እኔ ስንዴዬን በምን ላበጥር?» ትላለች። ጉቴ ከተማ የምታስተምረው ልጃቸው ለእናቷ ሰፌድ አዝና አንድ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ገዛችላቸውና «መሪውን ግን አባዬ ራስህ ምረጥ» አለቻቸው።

ሊመርጡ እኔ ጋ መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ያዙት። መኪናው ከአስፋልት ወርዶ ኮረኮንች ላይ ወጣ፤ መሪው እጃቸው ላይ ተንቀጠቀጠ። ሽማግሌው መንዳታቸውን አቁመው ቀና ብለው አዩኝ።

«ዱጋ!» አሉ። እውነት ነው ማለታቸው ነው። «ይሄ መንገድ ነው፣ ኢልማ ኮ። እጄ ያውቀዋል። ይሄ ዱጋ ነው!»

ልጄ ነበር ያሉኝ። እኔም ልጃቸው ጎንበስ ብዬ ላስቲኩን አነሳሁና ካርቶኑን አሰርኩ። ሲወጡ ከጥቅልሌ ላይ ክንድ የምታህል አረንጓዴ ክር ለመኑኝ። የድሮ ሾፌር መሪው አናት ላይ ክር ያስራል፤ ጎማው ቀጥ ማለቱን ሳያይ በጣቱ ያውቃል። ክሯን በነፃ ሰጠኋቸው። ደግነት ተሰማኝ ብልህ ታምነኛለህ?

በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ውሸቴን አዘጋጀሁ። ኦቦ ዋቅጅራ ግን ካርቶን አልያዙም። ሁለት እጃቸውን እንደሚመዘን ዕቃ ባንኮኒዬ ላይ ዘረጉ።

«እጄ ሞቷል» አሉኝ።

«ምን ሆነው ነው?»

«እዚህ በያዝኩት ቀን መንገዱ ተሰማኝ። ቤት ስይዘው ዝም። ጉድጓድ እገባለሁ፣ እጄ አያውቅም። መሪው ያው ያንተ መሪ ነው፤ የተለወጠው እኔ ነኝ። ያን ቀን የተሰማኝ ለመሰናበቻ ኖሯል።»

አየህ ጉዱን? ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ ሌላ ማንም ገዢ ቢሆን መሪውን ግንባሬ ላይ ይፈጠፍጠው ነበር። የእሳቸው ዘመን ሾፌር ግን መኪና እምቢ ሲለው መጀመሪያ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል እንጂ መኪናውን አይሳደብም። ባለቤትነቱ የእኔ የሆነውን ጥፋት አንስተው እጃቸው ላይ ጫኑት። እኔስ ምን አልኩ? «ይቅርታ ኦቦ፣ የሞተው መሪው ነው» አልኩ? አላልኩም። እኔ፣ የአባቴ ልጅ፣ ፊቴን አሳዛኝ አድርጌ «ዕድሜ ነው እንግዲህ» አልኩ። አልበቃኝም። ጓንት ሸጥኩላቸው።

ጓንት! ምን አለ እዚያ ላይ እንኳ ባቆም? ሌባ ዕቃ ይሰርቃል። እኔ ከሾፌር ላይ እጁን ሰረቅሁ፤ ከዚያ ለሰረቅሁት እጅ ጓንት ሸጥኩለት።

ሰፈሩ ሁሉ ለእጃቸው መድኃኒት አዋጣ። አንዱ የሞቀ ጨው ውሃ፣ አንዷ ዝንጅብል በማር፣ አንዱ ቅቤ። እሳቸው መንዳት ተዉ። አዴ ጫልቱ ሱቄ መጥታ አለቀሰች። «ሰፌዱን ራሴ ሰጠሁት፤ እንካ ጊምቢ ሂድ አልኩት። ‹አዴ፣ ከእንግዲህ ተሳፋሪ ነኝ› ብሎ መለሰልኝ።» ይህን የሰማሁ ለት ምሳዬን አልበላሁም። እራቴን ግን በላሁ፤ ውሸት አልጨምርም።

ከዚያ እቤታቸው የጸሎት ፕሮግራም ተያዘ፤ ፕሮቴስታንት ናቸው። መሪውን የሸጥኩት ወዳጅ ነኝና ተጠራሁ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በር ሥር ተቀምጬ ሻይ ጠጥቼ እወጣለሁ ብዬ ነበር። ፓስተሩ ግን «ወንድማችንም ይቅረብ፣ እጁን ይጫን» አሉ። ቀረብኩ። የኦቦ ዋቅጅራ እጅ መሃል ነው፤ በላዩ የፓስተሩ፣ የአዴ ጫልቱ፣ የጎረቤቶች፣ ከሁሉም በላይ የእኔ። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ይጮኻል። እኔ ብቻ ዓይኔን ገልጬ መሪውን አየዋለሁ። በዚያ ቤት ውስጥ በሽታው ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ እግዚአብሔር፣ ሁለተኛው እኔ። እሱ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ እሱ ግን ምክንያት ይኖረዋል።

በሚቀጥለው እሑድ፣ እነሱ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ፣ ጥሩውን መሪ ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ፣ ላዩን ጎመን ሸፍኜ ቡርቃ ጃቶ ሄድኩ። የጎረቤት ሴትዮ በአጥር አየችኝ።

«ምን ይዘህ ነው?»

«ጎመን፣ ለአዴ ጫልቱ።»

«ለጫልቱ ጎመን?» አለች፣ ጓሮውን የሞላውን ጎመን በአገጯ እያሳየችኝ። «ለወንዝስ ውሃ አልወሰድክም?»

ቁልፉ እንደ ሰፈሩ ልማድ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ሥር ነው። ገባሁ። ላስቲኩን ፈትቼ ሞተር ያለውን በቦታው አጠበቅሁ። የመብራት ገመዱን ከጠረጴዛው ጀርባ ሰካሁ፤ ጀርባ ማን ያያል? አረንጓዴዋን ክር ከአሮጌው ላይ ፈታሁና አዲሱ አናት ላይ አሰርኳት። ላስቲኩን በማዳበሪያው ይዤ ወጣሁ። ጎመኑን ትቼላቸዋለሁ፤ አዴ ጫልቱ እስከ ዛሬ ከየት እንደመጣ አልገባትም።

የዚያኑ እሑድ ከሰዓት ኦቦ ዋቅጅራ፣ እንዲያው ልሰናበተው ብለው፣ መሪውን ያዙ። ጩኸታቸው ዋናው መንገድ ድረስ ተሰማ አሉ።

የሳምንቱ እሑድ ጉባኤ ፊት ቆመው መሰከሩ። እኔንም ከፊት አስቀምጠውኛል። «እጄ ሞቶ ነበር፣ ተነሣ!» አሉ። «እጄ ብቻ አይደለም፤ ጆሮዬም ተከፈተ! በፊት ዝም ይል የነበረው መሪ አሁን ሲያጉረመርም እሰማለሁ!» ሕዝቡ ሃሌሉያ አለ። እኔም አልኩ። ምን ልበል? ተነሥቼ «የምን ጆሮ፣ የገጠምኩት ሞተር ነው» ልበል? ያን ቀን ብናገር የሰውየውን እጅ ሁለተኛ መግደል ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰበብ ሲያምርብኝ አየህ? ደግሞ በማግስቱ ትከሻዋን የሚያማት ሴት ሱቄ መጥታ «እጅህን ጫንብኝ» አለችኝ። ቻርጀር ሸጬ ሸኘኋት።

ወር ያህል ቆይቶ ኦቦ ዋቅጅራ መጡ። አንድ አምፖል ገዙ።

«እሰርልኝ» አሉ።

«አንድ አምፖል ነው እኮ ኦቦ፤ ካርቶን አለው።»

«እሰርልኝ አልኩህ።»

አሰርኩ። ክሩን አውራ ጣቴ ላይ ሁለቴ ጠምጥሜ፣ ጫፉን ከሥር አሹልኬ ሳብኩት። እጄን ሲያዩ ቆዩና ከኮታቸው ኪስ አንዲት አረንጓዴ ክር አወጡ፤ በመቀስ የተቆረጠች፣ ቋጠሮዋ ግን እንዳለ። ከአምፖሉ ቋጠሮ አጠገብ አስቀመጧት። እንደ መሪዎቹ ሁለቱ መንታ ናቸው፤ ልዩነቱ እነዚህ ሆዳቸውም አንድ ነው።

«ሾፌር እንዲህ አያስርም» አሉ ቀስ ብለው። «ሾፌር የሚያስረው ዝናብ ሲመጣ ጭነቱ ላይ ወጥቶ በአንድ እጁ የሚፈታውን ነው። እኔ እንዲያ ነበር ያሰርኳት።» ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ «ዱጋ?» አሉኝ።

እውነቱን ንገረኝ ማለታቸው ነው። የኑዛዜውን በር ራሳቸው ከፍተው ቆሙልኝ። ሱቁ ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው የለም። ይቅርታ ለማለት አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ?

«አምፖሉ የስድስት ወር ዋስትና አለው» አልኩ።

ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁና አምፖላቸውን ይዘው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ይመጣሉ። አንድ ባትሪ፣ «እሰርልኝ»። ከቤት ያመጡት አንድ ሽንኩርት፣ «እሰርልኝ»። ባለፈው ባርኔጣቸውን አውልቀው አሳሰሩኝና ራሰ በራቸውን ፀሐይ እያስመቱ ሄዱ። አስሬ ስጨርስ ትንሽ ይጠብቁኛል። ለፓስተሩ አልተናገሩም፤ ለአዴ ጫልቱም አልተናገሩም፤ ቢናገሩ ኖሮ ሰፈሩ በሰፌድ ያሳድደኝ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ ደጃፉ ላይ ዞር ብለው፣ «የእኔን እጅ ነገር እኔና ዋቃ ጨርሰናል፤ የቀረው ያንተ እጅ ነው» አሉኝ፤ ዋቃ የሚሉት እግዚአብሔርን ነው።

መሪውን መልሻለሁ ብዬ ራሴን አላጸድቅም። የመለስኩት በስርቆት ነው። እኒያን የሞቱ ቀኖች ግን በምን እመልሳቸዋለሁ? አንድ ሰው የዕድሜ ልክ እጁን ባንኮኒ ላይ ዘርግቶ «ሞቷል» ሲለኝ፣ በሕይወት እንዳለ እያወቅሁ ጓንት የለካሁ እኔ ነኝ። ድህነት አልነበረብኝም፣ የገፋፋኝም አልነበረም። እኔ ነኝ።

ነገ ቅዳሜ ነው፣ ገበያ ነው። ኦቦ ዋቅጅራ የሚታሰር ነገር ይዘው ይመጣሉ። እኔ ግን ነገ እቀድማቸዋለሁ፤ ይህን ወረቀት ጠቅልዬ በአረንጓዴ ክር አስሬ እሰጣቸዋለሁ። ስሜን አልጻፍኩበትም። ቋጠሮዬን ያውቁታል።