የዓርብ ኦሪትና የሽንኩርታችን ጉድጓድ

አባታችን ቄስ ናቸው። ዓርብ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምንጾም ያችን የመጨረሻዋን የረሃብ ሰዓት በኦሪት ያስረሱናል። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ አንባቢዋ እኔ ነኝ። በየሳምንቱ ካቆምንበት እንቀጥላለን፤ ከዚያ እያንዳንዳችን ከተነበበው ድርሻችንን እንናገራለን። ሕጉ አንድ ነው፤ ድርሻ ለራስ እንጂ ለሌላ ሰው አይወጣም። ሕጉ የወጣው በእኔ ምክንያት ነው። ስለ ኖኅ ዘመን ሰዎች ስናነብ «ይሄ እንኳ ለጎረቤታችን ነበር» ብዬ ሰውየውን ከነአባቱ ስም ጠርቼ ነበር።

እናቴ ብቻ ድርሻ አታወጣም። «እናንተ ጨርሱና እንብላ» ትላለች።

ባለፈው በጋ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተኮራረፍን። ሩዙ ከተነሣ በኋላ ከወረታ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው መሬታችን ሽንኩርት እንተክላለን፤ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የእሱ ነው። ድንበሩ ላይ ያለው ጉድጓድ ግን አንድ ነው። «ተራው የእኔ ነው»፣ «የለም የእኔ ነው» ስንባባል እሱ የውሃውን ቱቦ ነቅሎ ቤቱ ወሰደ። እኔም የውሃ መሳቢያውን ሞተር ወስጄ ቤቴ ቆለፍኩበት። እልኸኛ ነኝ፤ እሱም ከእኔ አያንስም። ሽንኩርቱ ጫፍ ጫፉን ቢጫ ይሆን ጀመር። ሽንኩርቱ ከደረቀ የሁለታችንም የበጋ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት ንባባችን ይስሐቅ ላይ ደረሰ። የይስሐቅ ሰዎች ጉድጓድ ሲቆፍሩ የአገሩ እረኞች «ውሃው የኛ ነው» ብለው ተጣሏቸው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያችን ቦታ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ወንድሜን እያየሁ አነበብኳት። እሱም እኔን እያየ ፈገግ ይላል!

«በይ፣ ድርሻሽ?» አሉ አባቴ።

ሕጉ ያዘኝ። ለራሴ ከሆነ ደግሞ እረኛ ከምሆን ጉድጓዱን ትቶላቸው የሄደውን ይስሐቅን ብሆን ይሻለኛል። «እንደ ይስሐቅ ጉድጓዱን ትቻለሁ፤ ይውሰደው» አልኩ ኮራ ብዬ።

ወንድሜ ብድግ አለ። «አንችን ማን ይስሐቅ አረገሽ? የተውኩትስ እኔ ነኝ፤ ውሰጅው!»

«አልወስድም!»

«ትወስጃለሽ!»

ከበፊቱ የባሰ ተጯጯህን። አባቴ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ዛሬ እኔም ድርሻ አለኝ» አለች እናቴ። «እረኞቹ ተጣሉ፣ ጉድጓዱ ተተወ፣ ሌላ ተቆፈረ። ይሄን ሁሉ ሰማሁ። በጎቹንስ ማን አጠጣቸው?»

መጽሐፉን ገልበጥ ገልበጥ አደረግኩ። «አልተጻፈም» አሉ አባቴ።

«እንግዲያው ሞተሩንም ቱቦውንም አምጡ። ሽንኩርቱ ሳይጠጣ በዚህ ቤት ማንም አይበላም።»

በረሃብ እየተልፈሰፈስን ሄድን። እሱ ቱቦውን ዘረጋ፣ እኔ ሞተሩን አስነሣሁ፣ እናቴ ቦዩን በዶማ ከፈተች። ውሃው የእሱን መደብ ሞልቶ ወደ እኔ ሲሻገር ማን ቀደመ ብዬ እንኳ አላሰብኩም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለምሳ የቀረብነው ፀሐይ ሊገባ ሲል ነው። ወንድሜ ሽሮውን በሰፊው ጠቅልሎ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ዘረጋ። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ጉርሻው አፌን ሞልቶት መናገር አልቻልኩም።