የተመታው ሰው

አጎቴ በስደት በሚኖሩበት፣ ሪንከቢ በሚባለው የውጭ አገር ሰፈር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው እየሄድኩ ልብ ወለድ ሳነብላቸው ድብድብ ያለበትን ይመርጡ ነበር። ጀግናው አሸንፎ ሲሄድ ግን ያስቆሙኝና «የተመታውስ ሰውዬ ምን ሆነ?» ይሉኛል። መጽሐፉ አይናገርም።

ሕመሙ ሲጠናባቸው ምክንያቱን ነገሩኝ። በወጣትነታቸው ወሎ ውስጥ፣ በዱላ ግጥሚያ አብሮ አደጋቸውን ጭንቅላቱን መትተው ጣሉት። የሞተ መስሏቸው የዚያኑ ቀን ከመንደሩ ጠፉ፤ ከዚያ ወዲህ ማንንም ለመጠየቅ ፈርተው ኖሩ።

ዘመድ አዝማድ አጠያይቄ ሰውየውን በስልክ አገኘኋቸውና ከአጎቴ ጋር አገናኘኋቸው።

«እኔማ በሦስተኛው ቀን ተነሣሁ» አሏቸው። «አንተ የት ጠፍተህ ነው?»

አጎቴ ስልኩን እንደያዙ አለቀሱ።

በሳምንቱ አረፉ። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ወዴት እንደምሄድ ግራ ይገባኛል። ቢሆንም ሳይሰሙ ስላልሄዱ እፎይ ብያለሁ። ለሰውየው ደውዬ ሳረዳቸው፣ «እንኳንም ድምፁን ሰማሁት» አሉኝ።