የኮከቡን ንጉሥ «አንተ» ያለው ጀግና

«እንግዳ ሆኖ የሰው አገር ሄዶ፣ ንጉሡን አንተ ይላል እንዴ?» አሉኝ አክስቴ እትዬ ዘነበች፣ የበግ ጠጉር የሚፈትሉበትን እንዝርት አቁመው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው፤ መሐል ሜዳ ከተማ፣ እሳቸው ቤት። ድሮ ፈረንጆች በርካሽ መጽሔት ያሳትሙት ከነበረው የጠፈር ጀብዱ አንዱን፣ ከስልኬ ላይ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላቸው ነበር። ልጅ ሆኜ የምሞትለት ታሪክ ነው።

ጀግናው በመንኮራኩር ሩቅ ኮከብ ድረስ ሄዶ፣ ቤተ መንግሥቱን ሰብሮ ይገባና ሽማግሌውን ንጉሥ «አንተ! እጅህን ስጥ!» ይለዋል።

የጨረር ጠመንጃው፣ አረንጓዴዎቹ ወታደሮች፣ ከብርሃን የሚፈጥነው መንኮራኩር፣ አንዱም አላስገረማቸውም። ያልተዋጠላቸው «አንተ» ብቻ ነው።

እንግሊዝኛው አንተንና እርስዎን እንደማይለይ አስረዳኋቸው።

«ታዲያ አንተ ለያቸዋ! የምታነብልኝ በአማርኛ አይደል?»

እውነታቸውን ነው። አስተካከልኩት። «ጃንሆይ፣ እባክዎ እጅዎን ይስጡ!»

(ጠመንጃው እንደተደገነ ነው። ጨዋነት እንዲህ ነው እንግዲህ።)

እትዬ ዘነበች እንዝርታቸውን መልሰው አሾሩ። «አሁን ሰው ሆነ። ለመሆኑ ንጉሡ ምን አጥፍተው ነው፣ በገዛ አገራቸው እጅ የሚሰጡት?»

ይህን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ወደ ኋላ ተመልሼ ገጽ በገጽ ፈለግኩ።

አረንጓዴ ከመሆናቸው በቀር ምንም አላጠፉም።

እናንተስ፣ በልጅነታችሁ ያጨበጨባችሁለት፣ ዛሬ ግን ደጃችሁን ቢያንኳኳ የማትከፍቱለት ጀግና አለ? እስቲ ጻፉልኝ።