ለእጅ የሚበቃ ፍጥነት

ስልክ ቤት መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ኢንተርኔቱን ለምን እንደምንፈልገው ስትጠይቀን፣ አባቴ እኔን ቀድሞ «ለእጅ» አላት። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት እዚያው መስኮት ላይ ብቻዬን መጥቼ አንገቴን ቀና አድርጌ የፈረምኩት እኔው ነኝ፤ አሁን ደግሞ አባቴን ከነዘንጉ ይዤ ፍጥነት ልቀይር መጥቻለሁ።

በመጀመሪያው ጊዜ ማንንም ምክር አልጠየቅኩም። ቆቦ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ብዙ ዓመት ስለኖርኩ ቁጥር ያለበት ነገር ሁሉ የእኔ ግዛት ይመስለኛል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፍጥነት ዝርዝር አየሁ፦ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ፣ አንድ ሜጋ፣ ሁለት ሜጋ፣ አራት ሜጋ። ቤታችን ውስጥ ያለነው ሁለት ሰው፣ ያለው ዕቃም አንድ ላፕቶፕና አንድ ስልክ ነው። አንድ ሜጋ ይበቃል ብዬ ወሰንኩ። ልጅቷ ልታስረዳኝ አፏን ስትከፍት ቸኩያለሁ አልኳት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ቢጤ ነው።

ኢንተርኔት ቤታችን ይግባ ያለው አባቴ ነው። ፊደል ያልቆጠረ፣ ከእጅ ስልኩም ከአረንጓዴዋ ቁልፍ በቀር ሌላ የማይነካ ሰው ነው። ይህን ያስመኘው ታናሽ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አይሰማም። ደሴ ሄዶ እንደ እርሱ ካሉ ልጆች ጋር ትምህርት እስኪገባ ድረስ፣ ቤታችን ውስጥ የምናወራው ራሳችን ባበጀነው የእጅ ቋንቋ ነበር። በዚያ ቋንቋ አባቴ ማለት አካፋ ትከሻ ላይ ማድረግ ነው። እኔ ማለት ሁለት ጉንጭ መንፋት ነው፤ ልጅ ሳለሁ ኩርፊያ እወድ ነበር። አሁን ቀንሻለሁ ብልም ወንድሜ ስሜን አልቀየረልኝም። እናታችን ካረፈች በኋላ ያንን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ ሦስት ብቻ ቀረን።

ደሴ አብሮት የተማረ ጓደኛው አዳማ ላይ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍቶ ና ሲለው፣ አባቴ እምቢ አለ። በሰው አገር ማን ይግባባሃል ነው ክርክሩ። ወንድሜም፣ እዚያ በእጅ የሚያወሩ አምስት ሰዎች አሉ፣ እዚህ ያላችሁኝ ሁለት ናችሁ አለው። ሒሳቡ ትክክል ስለነበር አባቴ ተናደደ።

የሚሄድ ዕለት ጠዋት ዋናው መንገድ ዳር አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ አባቴ በንዴት አንድ ምልክት አሳየው። ማሽላ ላይ ያረፈ ወፍ ስናባርር እጃችንን የምንወረውረውን ውርወራ ነው። ሂድ ማለቱ ነው፤ ግን በእኛ ቤት ሰው እንዲያ ተብሎ አያውቅም። ወዲያው ጸጸተውና ሊመርቀው ሁለት መዳፉን ከፈተ። በእኛ አገር ዱዓ ሳይደረግለት መንገድ የሚወጣ የለም። ወንድሜ ግን ፊቱን አዙሮ ነበር። ለማይሰማ ሰው ፊት ማዞር ጆሮን መድፈን ማለት ነው። አባቴ መዳፉን እንደከፈተ አውቶቡሱ ሄደ።

ከዚያ ሁለት ዓመት አለፈ። ወንድሜ ለእኔ አጫጭር መልእክት ይጽፍልኛል፤ እኔም ለአባቴ አነብለታለሁ። ደህና ነኝ፣ ሥራ አለ፣ አባ እንዴት ነው፣ ይኸው ነው። አባቴ በእኔ በኩል መልስ መላክ አይወድም። አሳጥረሽ ነው የምትጽፊው ብሎ ይጠረጥረኛል፤ እውነቱን ለመናገር አሳጥራለሁ። እስቲ ይቅር በለኝ ብሏል ብዬ ልጻፍለት ብለው፣ ይቅርታ በሰው አይላክም ብሎ ዘጋኝ። ጉልበቱ ደግሞ አዳማ ድረስ መኪና ላይ የሚያስቀምጠው አይደለም። በእጅ ስልኬ ኢንተርኔት ብንሞክርም እኛ ሰፈር ምስሉ ገና ሳይመጣ ይቆማል። መላው ሁሉ ሲያልቅ ነው አባቴ የቤት ስልኩን መስመር ያስታወሰው። ወንድሜ ትንሽ ልጅ ሳለ የገባ መስመር ነው። ያኔ ስልኩ ያለበትን ጠረጴዛ ተደግፎ ሲጫወት ጥሪውን በንዝረቱ ያውቀው ነበር። እኛ ጓሮ ሆነን ሳንሰማ፣ እየሮጠ መጥቶ ስልክ ጮኸ የሚለን የማይሰማው ልጅ ነበር። በዚያው መስመር ኢንተርኔት እንደሚገባ ሲነገረው አባቴ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

መስመሩ ተስተካክሎ በመጀመሪያው ቅዳሜ ደወልን። ወንድሜ ላፕቶፑ ላይ ብቅ ሲል አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ጸጉሩ ላይ ያለው የእንጨት ብናኝ እንኳ ይታያል። እኔ፣ ባለ አንድ ሜጋዋ፣ ደረቴን ነፋሁ። አባቴ ጊዜ አልፈጀም፤ ሁለት ዓመት ሲያብሰለስለው የከረመውን ሁሉ በእጁ ዘረገፈው። ስለ ወፉ ምልክት፣ ስለ ከፈተው መዳፍ፣ ሌሊት እንቅልፍ ስለ ማጣቱ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። እኔ አለቀስኩ።

ወንድሜ ሲያየን ቆይቶ ሳቀ። አባ አካፋ ይዞ እንደ ሐውልት ቆሟል አለኝ። ከዚያ ሁሉ ንግግር እርሱ ጋ የደረሰው ሦስት የቆመ ምስል ነበር፦ እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ታች፣ አፉን የከፈተ አባት። ለሚሰማ ሰው ምስሉ ቢቆም ድምፁ ይቀጥላል፤ ለወንድሜ ግን እጅ ሲቆም ወሬው አለቀ። አባቴ ምን እንደተባለ ሲገባው ተቀመጠና ሻርፑን አስተካከለ። እኔ ደግሞ እነርሱ ጋ ነው ችግሩ፣ የአዳማው መስመር ደካማ ነው እያልኩ ሌላ ሰው ፍለጋ ጣቴን ቀሰርኩ።

አባቴ ሦስት ቀን ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። አሁን ስለ እርሱ ሥራ መናገር አለብኝ። የራያ ቆላ ማሽላውን የሚያበቅለው በራሱ ዝናብ ብቻ አይደለም። በስተ ምዕራብ ተራሮቹ ላይ ሲዘንብ ጎርፉ ወደ እኛ ሜዳ ይወርዳል፤ ገበሬው ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ማን በስንት ሰዓት፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚያስገባ የሚዳኝ ሰው የውሃ አባት ይባላል። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ የውሃ አባት ነበር። ጎርፍ ወርዶ ሰው ዱላ ይዞ ሲወጣ፣ እርሱ ባዶ እጁን ወጥቶ አስታርቆ ይገባል።

በአራተኛው ቀን ከፈተና ወረቀቶቼ ጋር ስታገል መጥቶ ፊቴ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ወደ እኛ የሚገባውን ጠይቀሽ መጣሽ። ከእኛ የሚወጣውንስ?»

እርሱም ቀጠለ። የላይኛው ማሳ ጠግቦ የታችኛው ከደረቀ ጎርፉ መጣ አይባልም አለኝ። ልጁን እኛ ጥርት አድርገን እናየዋለን፤ ስለዚህ ወደ እኛ የሚመጣው ሞልቷል። እርሱ አያየንም፤ ስለዚህ ከእኛ ማሳ የሚወጣው ቦይ ጠባብ ነው። በዚህ ስሌት ላይ ስህተት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብሎ ዘንጉን አነሣ፤ ስልክ ቤት ሄድን።

እንግዲህ ልጅቷ እኔን ያየችኝ፣ እኔ ጣሪያውን ያየሁት ያኔ ነው። ነገሩን ሁሉ አስረዳናት። ልጅቷ ፈገግ ብላ ያንኑ ዝርዝር ከግድግዳው ላይ ነቅላ ፊታችን ዘረጋችው። ከእያንዳንዱ ትልቅ ቁጥር ሥር ትንሽ ቁጥር አለች። ትልቁ ወደ ቤት የሚገባው፣ ትንሿ ከቤት የሚወጣው ነው። ከእኛ አንድ ሜጋ የሚወጣው ሩቡ ብቻ ነበር።

«ቲቸር፣ ጥያቄውን እስከ መጨረሻ አንብቡ ይሉን የነበሩት እርስዎ ነበሩ» አለችኝ።

ተማሪዬ እንደነበረች ያወቅኩት ያኔ ነው። እፍረት ተከናነብኩ። አባቴ ግን ልጅቷን ወደዳት፤ ማሻአላህ ብሎ ወንበሩን አስጠጋ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የውሃ ሸንጎ ነው። ልጅቷ አራት ሜጋ ይውሰዱ ብትለው፣ ጎርፍ ሲበዛ ክትር ይሰብራል አላት። ኢንተርኔት የሚሰብረው ኪስ ብቻ ነው ብትለው ሳቀ፤ ኪስም ክትር ነው አላት። የአንድ ሰው እጅ ሳይቆራረጥ እንዲሄድ ምን ያህል መውጣት እንዳለበት ጠየቃት። በሁለት ሜጋው የሚወጣው ለአንድ ጥሩ ምስል ይበቃል፣ ሌላ ሰው በዚያው ሰዓት ካልተሻማው አለችው። ይህን ስትል አባቴ ዘንጉን ጭኑ ላይ አጋደመ። የሚሻማ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቃት።

ልጅቷ ስልኬን ተቀብላ ነካካችው። ለካ የማነሳውን ፎቶ ሁሉ እኔ ሳላዘው ስልኩ ራሱ ወደ ሩቅ ማከማቻ የሚልክ ኖሯል። ያን ቅዳሜ፣ አባቴ በእጁ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ የእኔ ስልክ የትምህርት ቤቱን የዛፍ ተከላ ፎቶዎች እየላከ ነበር።

«እና ከላይ ሆነሽ ስትጠልፊ የነበርሽው አንቺ ነሻ» አለ አባቴ።

በውሃ አባት ቤት ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። እርሱ ግን እየሳቀ ነው የተናገረው፤ እስከ ቤት ድረስም ባጃጁ ውስጥ ሳቁ አልቆመም። ሁለት ሜጋውን ወሰድን። ፍርዱም ተሰጠ፦ ቅዳሜ ከአሱር ሶላት በኋላ ያለው ሰዓት የወንድሜ ተራ ነው፤ በዚያ ሰዓት የእኔ ስልክ ይጠፋል።

ቅዳሜ ደረሰ። ለእጅ ብርሃን ያስፈልጋል ብዬ ላፕቶፑን በረንዳ ላይ አወጣሁት። ስልኬን አጥፍቼ አባቴ እጅ ላይ አስቀመጥኩለት፤ ኪሱ ከተተው። ሁለተኛ ጊዜ ያንን ሁሉ ለመናገር ድፍረት እንደሌለው ፊቱ ላይ ይታየኝ ነበር። ዛሬም ካልደረሰ ከእንግዲህ የሚሞክር አይመስለኝም ነበር፤ ፈርቼለት ነበር።

ወንድሜ ብቅ አለ። አባቴ አሁን ቸኩሎ አልጀመረም። በቅድሚያ አካፋውን ትከሻው ላይ አደረገ፣ እኔ ነኝ ሲለው። ወንድሜ ወዲያው፣ ያው አካፋ ነው፣ አሁን ግን ይሄዳል አለው። አባቴ የዚያን ጠዋቱን የወፍ ምልክት አሳየው። ከዚያም በመዳፉ አየሩን ጠረገው፤ ሰሌዳ እንደሚያጠፋ ተማሪ ደጋግሞ ጠረገው። ወንድሜ ለጥቂት ጊዜ አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል እጆቹ ፈጠኑ፤ እኔ እንኳ ለመከተል ተቸገርኩ። እዚያ ስላሉት ጓደኞቹ፣ ስለ ሠራው አልጋ አጫወተን፤ ማሽላው ደርሶ እንደሆነ ጠየቀን፤ ጥንቅሽ ካኘከም ሁለት ዓመት እንደሞላው ነገረን። አባቴ ሳቀ። ጉንጩን ነፍቶ ያማኝ ጀመር፤ በስልኬ ውሃ እንደጠለፍኩ ሁሉ ነገረው። ወንድሜ በሳቅ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። ደስ አለኝ፤ ስለ ታማሁ በሕይወቴ ደስ ያለኝ ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ምስሉ ቆመ። ወንድሜ ሁለት እጁ ደረቱ ፊት እንዳለ፣ ዓይኑም ሳይንቀሳቀስ ቀረ። ብልጭ አለብኝ። ሁለት ሜጋውንም፣ ቦዩንም፣ ያቺን ተማሪዬንም ባንድ ላይ እየረገምኩ ሶኬቱን ነቅዬ ልሰካ ዘለልኩ።

«ተዪው» አለ አባቴ።

ዞሬ አየሁ። ከወንድሜ ጀርባ አንድ ሰው ጣውላ ተሸክሞ አለፈ። መስኮቱ ላይ ያለው መጋረጃ ይወዛወዛል። ምንም አልቆመም። ወንድሜ ነው የቆመው፤ ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ከፍቶ፣ ዓይኑን አባቴ ላይ ተክሎ እየጠበቀ ነው። ያን ቀን መንገድ ዳር ያልተቀበለውን ምርቃት ሊቀበል።

አባቴ ዘንጉን መሬት አስቀመጠና መዳፉን ከፈተ። ረጅም ዱዓ አደረገ፤ ከንፈሩ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቤታችን የወጣው ሁለት የማይነቃነቅ መዳፍ ነበር፤ ለዚያማ የመጀመሪያው አንድ ሜጋም ይበቃ ነበር ብዬ አሰብኩ። አሚን አልኩ፤ በድምፅ ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቴ ጨርሶ ፊቱን በመዳፉ ሲያብስ፣ አዳማ ያለው ወንድሜም እኩል አበሰ።