በአሪኛ የተጠራው ስም

ወንድሜ የሞተ ዓመት እናቴ ገበያ መውጣት አቆመች። የገዘር ገበያ ለእሷ ሁለተኛ ቤቷ ነበር፤ ቡናና ጎደሬ ይዛ ትወጣለች፣ ወሬ ተሸክማ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ምግብ ሲሰጧት ትቀምሳለች፣ ሲጠሯት ትነሳለች፣ ሌላ ምንም የለም። በየወሩ እየከሳች ሄደች። ለቅሶው እንዳበቃ አጎቴ ሰብስቦን፣ «ስሙን አታንሱባት፤ ይብስባታል» ብሎን ነበር። እኛም አላነሳንም። ልብሱን ለድሃ ሰጠን፣ ፎቶውን ከግድግዳ አወረድን፣ ስለ እሱ የሚወራ ነገር ሲመጣ ወደ ዝናብና ወደ ከብት ዞር እንል ነበር።

እኔ ያኔ ጂንካ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ዩኒቨርሲቲ በከተማችን በቅዳሜና እሁድ ሳይኮሎጂ በዲፕሎማ ያስተምራል ሲባል ማንንም ሳላማክር ተመዘገብኩ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ለዕድገት ነው» እላለሁ። እውነቱ ግን እናቴን የሚመልስ ነገር እዚያ ውስጥ ይኖራል ብዬ ነው። የቢሮ ጓደኞቼ አልማሩኝም፤ ሻይ ቤት በገባሁ ቁጥር «ዝም በሉ፣ ልባችንን ሊያነብ መጣ» ይላሉ። ልብ ማንበቡ ቀርቶ የመማሪያ ሞጁሉ እንግሊዝኛ ራሱ አላስነብብ ብሎኝ መዝገበ ቃላት ታቅፌ እንደማድር አያውቁም።

ያም ሆኖ ሞጁሉ አስደነቀኝ። ሰው ለምን እንደሚረሳ፣ ለምን እንደሚፈራ፣ ሕፃን የእናቱን ፊት ከሌላ ሰው ፊት እንዴት እንደሚለይ ይናገራል። ስለ ሐዘን የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ደግሞ፣ ገዘር የምትባል ቦታ መኖሯን እንኳ የማያውቅ ሰው፣ በር ላይ ተቀምጣ መንገድ የምታይ ሴት ጽፎ አገኘሁ። የምትበላውን፣ የማትሰማውን፣ ዓይኗ የሚያርፍበትን ሁሉ አውቋል። ደጋግሜ አነበብኩት፤ መድኃኒቱን ግን አላገኘሁበትም።

አንድ ቅዳሜ ወጣቱ መምህራችን «ዛሬ ማዳመጥ እንለማመዳለን» አለ። ጥንድ ጥንድ ሆነን አንዱ እውነተኛ ሐዘኑን ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፤ ሲጨርስ ምን እንደሰማ ይነግረዋል። ምክር ክልክል ነው። «አይዞህ» ክልክል ነው። «እግዚአብሔር ያውቃል»ም ክልክል ነው። ክፍሉ አጉረመረመ። ሰው ሐዘኑን ነግሮህ አይዞህ ካላልከው ምኑን ሰው ሆንክ? ከወላይታ የመጣው አናጺ ጓደኛችን ገና ባልንጀራው አፉን ሲከፍት ትከሻውን ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጸሎት ጀመረለት። መምህሩ ሲያስቆመው «አሜን ልበልና» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

የእኔ ጥንድ እህል ነጋዴ የሆኑ ሴት ነበሩ። ወላጆቻቸው ከሰሜን የመጡ፣ እሳቸው እዚሁ ጂንካ የተወለዱ ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እኔም ጀመርኩ፤ ወንድሜ ታሞ አረፈ፣ ቤተሰቡ ተጎዳ፣ እናታችን ግን እስካሁን አልተጽናናችም አልኩ። ለአለቃዬ የምተይበው ሪፖርት ይመስል ነበር።

መምህሩ ከኋላችን ቆሞ ሰምቶኝ ኖሮ፣ «እቤት የምታለቅሱት በምን ቋንቋ ነው?» አለኝ።

«በአሪኛ።»

«እንግዲያው በአሪኛ ንገራቸው።»

«እትዬ እኮ አሪኛ አይችሉም።»

«አዳምጡ እንጂ ተርጉሙ መች አልኩ» ብሎኝ አለፈ።

አሪኛ ትምህርት ቤት በር ላይ ትቼው የምገባ ነገር ነበር። እትዬ ደግሞ የሚያውቁት «ስንት ነው» እና «ቀንስ» ብቻ ነው። እያፈርኩ ጀመርኩ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና ስላልወጣ ወንድሜን በቃሬዛ ተሸክመን ስንወርድ፣ እሱ ከቃሬዛው ላይ ሆኖ «ቀስ በሉ፣ ሙሽራ ነኝ» እያለ እንዳሳቀን ነገርኳቸው። በአማርኛ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እትዬ ፊቴን እያዩ ዝቅ ስል ዝቅ አሉ፣ ስስቅ ፈገግ አሉ። ቃሬዛው ጂንካ ደርሶ ቀልዱ የተቋረጠበት ላይ ስደርስ ከእኔ ቀድመው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። አንድ ቃል ሳይገባቸው እንዴት እዚያ ቦታ ላይ ደረሱ? እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ስጨርስ፣ «እንግዲህ የሰማሁትን ልንገርህ» አሉ። «በአማርኛ ስትነግረኝ ወንድሜ፣ ወንድሜ ነበር የምትለው። በአሪኛ ግን አንድ ቃል ደጋግመህ ጠራህ። እሷ ቃል ስትመጣ ፊትህ ይፈታል። ስሙ ነው?»

«አዎ» አልኩ።

«ደስ ይላል» አሉና ራሳቸው ጠሩት፤ ትንሽ ወደ አማርኛ እያጠፉት። ለቅሶው ካበቃ ጀምሮ ስሙን ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሞጁሉ ውስጥ ስፈልገው የከረምኩት ነገር እኛው ቤት ውስጥ የዋጥነው መሆኑ ያኔ ታየኝ።

በማግስቱ ከክፍል ቀርቼ ገዘር ወጣሁ። በመንገዱ ሁሉ ፈርቼ ነበር፤ አጎቴ እንዳለው ቢብስባትስ? እናቴ እዚያው በር ላይ ነበረች። አጠገቧ ተቀመጥኩና መንገዱን አብሬያት አየሁ። ከዚያ በቋንቋችን፣ ስሙን ጠርቼ፣ ማንጎ ሊሰርቅ ወጥቶ ሱሪውን የቀደደበት ቀን ትዝ ይላት እንደሆነ ጠየቅኋት።

የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ቀረች። የገደልኳት መሰለኝ።

«ማንጎ አይደለም፣ አቮካዶ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሱሪውም ያንተ ነበር።»

ከዚያ እሷም ስሙን ጠራችው። ዞር ብላ አየችኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

«ሁላችሁም የረሳችሁት መስሎኝ ነበር» አለች። «እኔም ገበያ ከወጣሁ ማን ይጠብቀዋል ብዬ ነው የተቀመጥኩት።»

አይዞሽ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዝም ብዬ አዳመጥኳት።