ጭዱን አንሡ ያልኩበት ኅዳር

ያን የአብዮት ዘመን አንሥተን ስንጫወት አንድ ሰው መጨረሻ ላይ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ጊዜው ነው» ካለኝ ደሜ ይፈላል። ጊዜ እጅ የለውም፤ የድንች ማሳ ላይ ያለ ጭድ አያነሣም። ጭዱን ያነሣነው እኛ ነን። ትእዛዙን ይዤ ከቤት ቤት የዞርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጎባ አስተማሪ ነበርኩ። ቀበሌያችን ቶጎና ወንዝ ዳር ያለውን ሜዳ ከፋፍሎ ለነዋሪው አደለና ለእኔም ደረሰኝ። የሴቶች ማኅበር ጸሐፊም አድርገውኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ወንበሩን አልጠላሁትም። ጸሐፊ ከሆኑ ስኳር ሲመጣ ቀድሞ ይሰማል፣ ስብሰባ ላይም ከፊት ይቀመጣል። እንዲህ ባለች ጥቅም ነው ሰው የሚገዛው፤ እኔ በዚያ ተገዝቻለሁ።

ከእኔ ማሳ ቀጥሎ ያለው የአንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ነበር። ሁላችንም «አዴ» እንላቸዋለን፤ እናት እንደማለት ነው። ከዲንሾ ወዲያ ያለው ቀዬአቸው ፈርሶ ሰው ሁሉ ወደ አንድ መንደር ሲሰበሰብ፣ እሳቸው ጎባ ልጃቸው ቤት ገቡ። ይዘውት የመጡት አንድ ቁና የድንች ዘር ነው። ቆዳው ቀይ፣ ውስጡ ቢጫ የሆነ ድንች ነበር፤ ገበያ ላይ እንዲያ ያለ አይቼ አላውቅም። ቀዬአቸው የሚመለሱበት ቀን ሲመጣ ይህንኑ ዘር ይዘው ሊገቡ ነበር ሐሳባቸው። ለመብል እንኳ ቆጥበው ነው የሚያወጡት። ልጃቸው ገበያ ከምንወርድ እሱን እንቀቅል ብትላቸው፣ ዘር የሚበላ ቤት ምን ቤት ነው ብለው ይቆጧታል።

የባሌን ብርድ እዚያው የከረመ ያውቀዋል። ከጥቅምት ወዲህ ደመናው ተገልጦ ንፋሱ ጸጥ ካለ ውርጩ ይወርዳል። ድንች ደግሞ ውርጭ አይችልም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሳላውቅ ተኝቼ አድሬ፣ ጠዋት ብነሣ ማሳዬ ጠውልጎ ጠቁሯል። አዴ ሳቁብኝ፤ ያን ሁሉ ተማሪ የምታስተምሪ አንቺን የሚያስተምር ጠፋ ወይ አሉና ራሳቸው ያዙኝ። ከሲናና በኩል በአህያ የሚመጣ የገብስ ጭድ አስገዙኝ። በመደቡ መካከል አጫጭር እንጨት ተክሎ ጭዱን ከላይ ማልበስ፣ ከብት ወደ ቤት ሲገባ ማልበስ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል መግለጥ። ጭድ ያልደረሰው ቅጠል ካለ ደግሞ ፀሐይ ሳትነካው ከወንዙ ውሃ ቀድቶ አመዳዩን ማጠብ፤ አመዳይ እንዳለበት ፀሐይ ካገኘው አለቀለት። አዴ ጭዱን ሲያለብሱ በየመደቡ «ያ ሼክ ሁሴን» ይላሉ። እኔ ክርስቲያኗም ከጎናቸው ስሆን እጄ ላይ እንዳለው ጭድ ለምጄው እል ነበር።

በዚያ ኅዳር የቀበሌው ሊቀመንበር ጠራን። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ፣ የእኛ ማሳ በምሳሌነት ይጎበኛል አለ። ከዚያ ሜዳውን ዞሮ አየና ፊቱን አጨማደደ። ይህ አውድማ ነው ወይስ አትክልት? ጎብኚው ማየት የሚፈልገው አረንጓዴ ነው። እንግዶቹ በጠዋት ስለሚደርሱ፣ እኛም ገና ሳይነጋ መንገድ ላይ ለአቀባበል ስለምንሰለፍ፣ ጭዱ ሁሉ በዋዜማው ተነሥቶ ይከመር ተባለ።

ይህ ሰው ከሩቅ የመጣ ቢሆን ይቅር እለው ነበር። እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው! እናቱ በዚያው ወንዝ ዳር ድንች ሲያለብሱ በሕፃንነቱ ጭድ አቀብሏል። ውርጭ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ያውቃል። አንድ ሽማግሌ ብርዱስ ብለው ቢጠይቁት፣ አብዮቱ ብርድ አይፈራም ብሎ አሳቀን። አዎ፣ ሳቅን።

ማታውን ከቤት ቤት ዞርኩ። አዴ ማሳው ላይ ነበሩ፤ ጭዱን አልብሰው ጨርሰው እጃቸውን ያራግፋሉ። ትእዛዙን ነገርኳቸው።

«ኩን ህን ታኡ» አሉ፤ «አይሆንም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ሰማዩን አይተሻል?»

አየሁት። የጥፍር ያህል ደመና አልነበረበትም፤ ቅጠል የሚያወዛውዝ ንፋስም የለም። ምን እንደሚመጣ ራሳቸው ያስተማሩኝ ነገር ነው፤ አላወቅሁም አልልም። በአእምሮዬ የነበረው ግን የአንድ ሰው ማሳ ሳይገለጥ ቢያድር ነገ ሊቀመንበሩ እኔን ምን ይለኛል የሚለው ብቻ ነው።

«አዴ፣ አንድ ሌሊት ነው» አልኳቸው። «እኔም የራሴን አነሣለሁ። ግድ የለዎትም፣ ያንሡት።»

ሊቀመንበሩ ራሱ ቢመጣ ወላሂ አላነሣም ብለው ማሳው ላይ ይቀመጡ ነበር። ለእኔ ግን አነሡ። አብረን ከመርነው።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ የወረቀት ባንዲራ ይዘን መንገድ ላይ ቆምን። መሬቱ ነጭ ነበር፤ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። አሁንም ማዳን ይቻል ነበር። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ሰው ሁሉ ወርዶ ውሃ ቢረጭ ግማሹ ይተርፍ ነበር። አዴ ከሰልፉ ወጥተው ወደ ወንዙ መሄድ ሲጀምሩ አብዮት ጠባቂው ክንዳቸውን ይዞ መለሳቸው። ቆመን ፀሐይዋ ከተራራው ብቅ ስትል አየናት። እንዲያ ባለ ብርድ ውስጥ ፀሐይ ስትወጣ ያለቀስኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

እንግዶቹ አምስት ሰዓት ሲሆን መጡ። ሁለት መኪና ነበሩ፤ አልቆሙም። ከአንዱ መስኮት አንድ እጅ ወጥቶ ተወዛወዘልን፣ ከዚያ አቧራው ቀረ። ማሳውን ማንም አላየውም!

ስንወርድ ቅጠሉ ሁሉ የተቀቀለ ጎመን መስሏል። አዴ ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ይፈልጉ ጀመር። ድንቹ ገና መያዝ ላይ ነበርና የተገኘው የሽምብራ ያህል ነው። ከማሳው ሁሉ እፍኝ የማትሞላ የተሻለች ለቅመው ሻሻቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩ። ይህችን ለጥር አቆይቼ እዚሁ የወንዙን ውሃ እያጠጣሁ ብተክላት ዘሩ አይጠፋም አሉኝ። ማሳው ካለ ዘሩም አለ ማለታቸው ነው። እኔም አለቀስኩላቸው እንጂ ይቅርታ አላልኩም።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። በምሳሌነት የተመዘገበ ማሳ ለምን ጠፋ ብሎ የበላይ አካል ጠይቋል፤ መልስ የሚሆን ሰው መገኘት ነበረበት። ሊቀመንበሩ ቆሞ ጥፋቱ የአንዳንድ ባለ ማሳዎች ግዴለሽነት፣ ምናልባትም አሻጥር ነው አለ። ማሳቸው የሚወሰድባቸውን ሦስት ሰዎች ጠራ። አንዷ አዴ ነበሩ። ለምን እሳቸው? በልጃቸው ቤት ጥገኛ ናቸዋ፤ የሚከራከርላቸው የለም። እኔ ቃለ ጉባኤ እጽፍ ነበር። ጻፍኩት።

አስተያየት ያለው አለ ወይ ሲባል አዴ ተነሡ። ሻሻቸውን አስተካክለው በተሰባበረ አማርኛ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«እኔ አሻጥር አላውቅም። ጭዱን ያነሣሁት ታዝዤ ነው። ይቺ ልጅ መጥታ አንሺ ብላኛለች። እሷ ታውቃለች፣ እሷ ትናገር።»

ሊከሱኝ አልነበረም፤ ምስክር አድርገው ነው የጠሩኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እውነት ትናገራለች ብለው የተማመኑት እኔን ነው። አዳራሹ ሙሉ ዞሮ አየኝ። ሊቀመንበሩም እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይጠብቃል።

«አላስታውስም» አልኩ።

ማታ ማሳቸው ዳር ቆሜ ጭዱን ያንሡት ካልኳቸው ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። አዴ አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። «እሺ» አሉና ተቀመጡ።